ስህተት የማይታይባት

ሰው ይለካል ብዬ አምን ነበር። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ትኩረት ይለካል፣ ትውስታ ይለካል፣ የእጅ ፍጥነት ይለካል፣ ከዚያ ትክክለኛው ሰው ትክክለኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል። በሃያ ስድስት ዓመቴ ሥነ ልቦና አጥንቼ ወደ ተወለድኩበት ሆሳዕና ስመለስ ከዚህ የበለጠ የማውቀው ነገር አልነበረም። የሰፈር ሽማግሌዎች ምን እንደተማርኩ ጠይቀው ስነግራቸው «እብድ ልታክም ነው?» ይሉኛል። እኔም «የለም፤ ጤነኛ ሰው ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ነው የማጠናው» እላቸዋለሁ። አይገባቸውም ነበር። አሁን ሳስበው ለእኔም በደንብ አልገባኝም ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ድርቁ ባደዋቾ ቆላ የገባበት ዓመት። ሆሳዕና የአውራጃው ዋና ከተማ ስለነበረች የእርዳታ እህሉ መጀመሪያ የሚራገፈው እኛ ጋ ነበር። ከዚያ ወደየወረዳው በመኪና ይሄዳል። እኔ የተመደብኩት ይህን እህል ከሚያከፋፍል አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ሥራዬ ሠራተኛ ሲቀጠር መፈተን፣ የተቀጠረውን ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ መመዘን ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ከፈተንኳቸው ሰዎች አንዷ ራሔል ኤርጫፎ ትባላለች። ለሬድዮ መገናኛ ሠራተኛነት አሥራ አራት ሰው ነበር የቀረበው። የጋዜጣ ገጽ ሰጥቼ በሦስት ደቂቃ ውስጥ «ለ» የሚለውን ፊደል ሁሉ እንዲሰርዙ አደረግሁ። ቁጥር እየጠራሁ ወደ ኋላ እንዲመልሱልኝ፣ መልእክት እያነበብኩ እንዲጽፉ አደረግሁ። ራሔል በሁሉም አንደኛ ወጣች። የሃያ ሁለት ዓመት የአንጋጫ ልጅ ናት። አፏን የፈታችው በከምባትኛ ስለሆነ አማርኛዋ ላይ ትንሽ የአገሯ ቃና አለበት፤ ስትጽፍ ግን አንድ ፊደል አትስትም። የቅርንጫፉ ኃላፊ ጓድ ታረቀኝ በአነጋገሯ ምክንያት አመንትቶ ነበር። እኔ ነኝ የተከራከርኩላት። በምዘና ቅጹ ላይ፣ አስተያየት በሚለው ቦታ፣ በቀለም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እጅግ ጠንቃቃ። ስህተት የማይታይባት።»

በዚህ ጽሑፍ በጣም ኮርቼ ነበር።

ነገሩ የሆነው እሷ ከተቀጠረች ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አዲስ አበባ በሬድዮ ትደውላለች። የዕለቱ መኪኖች ምን ጭነው ወዴት እንደሚሄዱ ይነገራል። ራሔል ሰምታ ትጽፋለች፤ ወረቀቱ መጋዘን ይሄዳል፤ ሾፌሮቹ ይነሳሉ። አንድ ረቡዕ ዕለት ሁለት መኪና ስንዴ ወደ ሀደሮ ተላከ። መሄድ የነበረበት ግን ሾኔ ነበር። በሾኔ አካባቢ እህል ዛሬ ይመጣል ተብሎ ከቆላ የወጣው ሕዝብ ሜዳ ላይ ተሰብስቧል። ስህተቱ የታወቀው በማግስቱ ነው። መኪኖቹ ሀደሮ አራግፈው ነዳጅ ጨርሰዋል፤ ነዳጅ የሚፈቀደው ከአዲስ አበባ ነው። እህሉ ሾኔ የደረሰው እሑድ ሆነ። እስከ እሑድ ድረስ ያልቆዩ ነበሩ። ስንት እንደሆኑ የሚናገረው ሁሉ የተለያየ ቁጥር ስለሚናገር እኔ አልጠቅስም። ሕፃናትና ሽማግሌዎች እንደነበሩበት ግን ሁሉም ይስማማ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጓድ ታረቀኝ አስጠራኝ። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ወደ መጠለያዎቹ ሄዶ ሲመለስ ቢሮውን ዘግቶ ሲያለቅስ ተሰምቷል። በዚያ ቀን ግን ፊቱ ደርቆ ነበር። ራሔል መያዟን፣ አጣሪ ኮሚቴ መቋቋሙን፣ ሰብሳቢውም ራሱ መሆኑን ነገረኝ። ኮሚቴው ነገሩ አሻጥር ነው ካለ ልጅቷ ወደ አዲስ አበባ እንደምትላክ አልደበቀኝም። በዚያ ዘመን በአሻጥር ተከሶ አዲስ አበባ የተላከ ሰው ምን እንደሚገጥመው ማንም አይጠይቅም ነበር።

«አሻጥር ነው እንዴ የምትሉት?» አልኩት።

መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ቅጽ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው። የእጅ ጽሑፌን ወዲያው አወቅሁት።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ» አለ። «ስህተት የማይታይባት። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ ለክተሃታል። ስህተት የማታውቅ ሰው እንደዚህ ዓይነት ስህተት ስትሠራ ምን ማለት ነው? ሆን ብላ ነው ማለት ነው። ሌላ ትርጉም ካለው ነገረኝ።»

አዲስ አበባ ያለው መዝገብ ሾኔ ይላል፣ እሷ የጻፈችው ሀደሮ ነው፣ ሀደሮ ሲሉ ሰማሁ ብላ ትምላለች፤ ስለዚህ ትዋሻለች አለኝ። በተጨማሪም ቤተሰቧ ቤተ ክርስቲያናቸው የታሸገባቸው ጴንጤዎች መሆናቸውን፣ ቂም ሊኖራት እንደሚችል ጠቀሰ። ማክሰኞ ከሰዓት ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ስለ ችሎታዋ እንድመሰክር አዘዘኝና አሰናበተኝ። ላግዛት ብዬ የጻፍኩት ቃል ገመድ ሆኖባታል።

ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ እንዳያት ተፈቀደልኝ። ግንብ ተደግፋ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ስታየኝ ተነስታ ልብሷን አራገፈች፤ ልክ ልትፈተን እንደመጣች ሰው። ያን ጠዋት ከመጀመሪያው ጀምራ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት።

ብዙ የተለየ ነገር አልነበረውም። ከእሷ ጋር የሚሠራው ሁለተኛው ሬድዮኛ ከሁለት ወር በፊት ለዘመቻ ተወስዷል፤ በምትኩ ሰው አልመጣም። ስለዚህ ከንጋት እስከ ምሽት፣ ሰንበትን ጨምሮ፣ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ምሳዋን እዚያው ሬድዮው አጠገብ ትበላለች። በዚያ ጠዋት መስመሩ ይንሿሿል፣ ይቆራረጣል፤ ግን በየቀኑ እንዲሁ ነው። መልእክቱ መጣ፤ ጻፈች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ሁለት መኪና፣ ስንዴ፣ መድረሻ ሀደሮ፣ ዛሬ።»

«ሾኔ አላሉም?»

«አቶ ሲሳይ፣ ሀደሮ ሲሉ ነው የሰማሁት። አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ከፈለጉ በመጽሐፍ ቅዱስ ያስምሉኝ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «መዝገቡ ሾኔ ይላል አሉኝ። እንግዲያውስ እኔ ጆሮዬን እንዴት ልመነው?» አለች።

እየዋሸች እንዳልሆነ ገባኝ። ግን እንዴት እንደማስረዳ አላወቅሁም። ከጣቢያው በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤት ተመልሼ የሬድዮ ክፍሉን አስከፈትኩና መዝገቡን ገልብጬ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ሦስት ገጽ። ሁለት መኪና፣ ስንዴ፣ መድረሻ ሀደሮ፣ ዛሬ። ሁለት መኪና፣ ስንዴ፣ መድረሻ ሀደሮ፣ ዛሬ። ለሦስት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ያው አራት ነገር። ራሴን ያዝኩ። እኔም እንኳ ስገልጥ የሚቀጥለውን ገጽ ሳላነብ አውቀው ነበር።

ያኔ ነው ትምህርቱ ከወረቀት ወርዶ ሰው የሆነልኝ። ሰው በጆሮው ብቻ አይሰማም፤ በልማዱም ይሰማል። ድምፁ ሲቆራረጥ ጎዶሎውን የሚሞላው አእምሮ ነው፤ የሚሞላውም በለመደው ነገር ነው። ሞልቶ ሲጨርስ ደግሞ «ይህ ግምት ነው» ብሎ አይነግረውም፤ «ሰምተሃል» ነው የሚለው። የደከመ ሰው ላይ ይበልጥ ይጠናል። ትጉህ ሠራተኛ፣ መልእክቱን በቃሉ የሚያውቀው ሰው፣ ከሰነፉ ይልቅ የተጋለጠ ሊሆን ይችላል። ራሔል ሀደሮን ሰምታለች። የተባለው ግን ሾኔ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

ይህን በንግግር ብነግራቸው እንደማያምኑኝ አውቅ ነበር። ስለዚህ ራሳቸው እንዲሳሳቱ ማድረግ ነበረብኝ።

አቶ ላምቤቦን አማከርኩ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ እኔንም ያስተማረኝ፣ የአገሩ ሰው፣ በኮሚቴው ውስጥም አባል የሆነ። ምን እንዳሰብኩ ሁሉን ብነግረው እሱ ላይ አይሠራም ነበር፤ እንዲያውም አድልቷል ይባላል። ስለዚህ አንድ ሙከራ ላሳይ እንደምፈልግ፣ ሲጀመር እንዳይከለክሉኝ እንዲደግፈኝ ብቻ ለመንኩት። «ልጄ፣ ሰው ስታስተምር ተማሪው እንዳይዋረድ ተጠንቀቅ» አለኝ። «የተዋረደ ተማሪ አይማርም።» ምክሩን ሰማሁ፤ ግን ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ማክሰኞ ኮሚቴው በስብሰባ አዳራሹ ተቀመጠ። አራት ናቸው፦ ጓድ ታረቀኝ፣ አቶ ላምቤቦ፣ ከፖሊስ የመጣ መቶ አለቃ፣ የሴቶች ተወካይ የሆነች ወይዘሮ። ራሔል ከበሩ አጠገብ ከአንድ ፖሊስ ጋር ተቀምጣለች። መጀመሪያ ቅጹ ተነበበ። የራሴን ቃል በጓድ ታረቀኝ አፍ ስሰማ ጎንበስ አልኩ። ከዚያ እንድናገር ተፈቀደልኝ።

የመገናኛው ጫጫታ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ኮሚቴው ራሱ ቢሰማው ጥሩ ነው አልኩ። አቶ ላምቤቦ «ጊዜ አይወስድም፤ እንስማው» አለ። ይዤ የመጣሁትን ትልቅ ትራንዚስተር ከጣቢያ ውጪ አድርጌ እስኪንሿሿ ድረስ ከፍ አደረግሁት፤ ለእያንዳንዳቸው ወረቀትና እርሳስ ሰጠሁ። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ ሃያ መልእክት አነባለሁ፤ እነሱ የከረጢቱን ብዛትና መድረሻውን ይጻፉ። ብዛቱ በየጊዜው ስለሚለያይ በተለይ ለእሱ ይጠንቀቁ አልኩ። ያ ማሳሰቢያ ሆን ተብሎ የተሰጠ ነበር። አእምሯቸው ቁጥሩ ላይ እንዲያተኩር ፈልጌ ነው፤ ራሔልም በዚያ ጠዋት አሳቧ መኪኖቹ ቶሎ እንዲነሱ ላይ እንደነበረ ነግራኛለችና።

«መቶ አርባ ከረጢት፣ መድረሻ ዱራሜ።» «ዘጠና ሁለት ከረጢት፣ መድረሻ ዱራሜ።» እንደዚያ እያልኩ አነበብኩ። አሥራ አምስቱን ዱራሜ አልኩ። አሥራ ስድስተኛው ላይ፣ ድምፄን ሳልቀይር፣ ሳልፈጥን፣ ሳልዘገይ፣ «መቶ ሰባት ከረጢት፣ መድረሻ አንጋጫ» አልኩ። ከዚያ አራቱን እንደገና ዱራሜ ብዬ ጨረስኩ።

ገብቼ ትራንዚስተሩን ዘጋሁ። አሥራ ስድስተኛው መድረሻ አንጋጫ እንደነበረ ተናገርኩና ወረቀቱን ለመሰብሰብ በጠረጴዛው ዙሪያ ተራመድኩ። መቶ አለቃው ወረቀቱን ሁለቴ አየና ሳቀ፤ የመደንገጥ ሳቅ ነው። «ዱራሜ ብዬ ጽፌአለሁ» አለ። «እኔ ዱራሜ ስትል ሰምቻለሁ፣ በእናቴ።» ወይዘሮዋም ዱራሜ ጽፋለች፤ ጉንጯን በእጇ ይዛ ራሔልን ዞር ብላ ተመለከተች። አቶ ላምቤቦ አንጋጫ ብሎ ጀምሮ ሰርዞ ዱራሜ ጽፏል፤ ራሱን አላመነም። ቁጥሩን ግን ሦስቱም አልሳቱም።

የመጨረሻው ጓድ ታረቀኝ ነበር። ወረቀቱ ፊት ለፊቱ ተዘርግቷል። ከትከሻው በላይ ሆኜ አየሁት፤ አሥራ ስድስተኛው መስመር ላይ፣ በሚያምር የጸሐፊ እጅ፣ ዱራሜ ይላል። እጄን ስዘረጋ መዳፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«የእኔ ልክ ነው» አለ። «አንጋጫ ነው የጻፍኩት።»

ቀና ብሎ አየኝ። እንዳየሁት አውቋል። እኔም እንዳወቀ አወቅሁ። ወረቀቱን ለአራት አጥፎ የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረ።

«ይኸው ሙከራው ምን አሳየን?» አለ። «ጆሮውን የሰጠ ሰው በትክክል ሊሰማ እንደሚችል ነው ያሳየን። እኔ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ይቻላል። ያልተቻለው ጆሯቸውን ላልሰጡት ነው።»

ያ ጊዜ ምን ያህል እንደነበረ አላውቅም። ምናልባት አንድ ትንፋሽ የሚወሰድበት ያህል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው፦ ወረቀቱን አሳዩን። አቶ ላምቤቦ ሊደግፈኝ ይችል ነበር፤ መቶ አለቃውም ደንግጦ ስለነበር ምናልባት። በዚያው ልክ ደግሞ ለዘመቻ የሄደውን ሁለተኛ ሬድዮኛ የሚያሰናብተውን ደብዳቤ የፈረመው ጓድ ታረቀኝ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስህተቱ የልጅቷ ካልሆነ ጥያቄው የሚዞረው ወደ እሱ ነው። የሞት ሽረት ጉዳዩ የእሷ ብቻ ሳይሆን የእሱም ነበር። የእኔም ሆነ። ራሔል ከበሩ ሥር ትመለከተኛለች። እናቴን አሰብኩ። ፖሊስ ጣቢያ ያየሁት ሲሚንቶ ታሰበኝ።

«አዎ» አልኩ። «ይቻላል።»

ያልኩት ይህን ነው። ቃል በቃል።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነበር። ስለ ልማድ፣ ስለ ድካም፣ ብቻዋን ስለመሥራቷ አስረዳሁ። ጥሩ ተናጋሪ ነበርኩ፤ ወይዘሮዋ አንገቷን ትነቀንቅ ነበር። ኮሚቴው ሲወያይ መቶ አለቃው አሻጥር በሚል አልፈርምም ማለቱን አቶ ላምቤቦ በኋላ ነገረኝ፤ እኔም ያንኑ ስህተት ሠርቼ እሷን አሻጥረኛ ማለት አልችልም ብሎ። ስለዚህ ነገሩ «ከባድ ቸልተኝነት» ተባለ። አዲስ አበባ አልተላከችም። እዚያው ተፈርዶባት ሦስት ዓመት ተቀጣች።

አንዳንድ ወዳጆቼ አዳንካት ይሉኛል። አሻጥር ቢባል ኖሮ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ግን አራተኛው ወረቀት ቢነበብ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበርም አውቃለሁ። አራቱም ሰው ተሳስቷል ማለት፣ ከሰው የሚጠበቀው ነገር ከሰው አቅም በላይ ነበር ማለት ነው። ሦስቱ ተሳስተው አንዱ ሰማ ማለት ግን እሷም መስማት ትችል ነበር ማለት ነው። የእሷ ሦስት ዓመት ያለው በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት የሬድዮ አሠራሩን ለማሻሻል ሐሳብ ጽፌ አቀረብኩ። ተቀባዩ የሰማውን መልሶ ያንብብ፤ ላኪው «ልክ ነው» ካላለ መኪና አይነሳ። ሌላ ምንም አይደለም። ሬድዮው አይቀየርም፣ ሰው አይጨመርም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር መልሶ ማንበብ ብቻ። ጓድ ታረቀኝ በዚያው ቀን በራሱ ስም መመሪያ አድርጎ አወጣው። እኔ እዚያ በቆየሁባቸው ዓመታት እንደዚያ ዓይነት ስህተት አልተደገመም። ምናልባት ብዙ ሰው አድኗል። መመሪያው ላይ ፊርማውን ባየሁ ቁጥር ግን ኪሱ ውስጥ የገባው ወረቀት ይታየኝ ነበር።

ራሔል በእስር ላይ ሳለች ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅኋት። ሥራ በዛብኝ እል ነበር። በሁለቱም ጊዜ ስለ እኔ ደኅንነት ጠየቀችኝ፣ ስላደረግሁላት አመሰገነችኝ፤ እኔ ደግሞ መሬት መሬት እያየሁ ወጣሁ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ሆሳዕና መናኸሪያ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ስጠብቅ አንዲት ሴት በስሜ ጠራችኝ። ራሔል ናት፤ ጸጉሯ ከፊት ሸብቷል። ዱራሜ ጨርቅ እንደምትነግድ፣ አግብታ ሁለት ልጆች እንዳሏት ነገረችኝ። አውቶቡሱ ዘግይቶ ስለነበር አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ሰው ሻንጣ ይጭናል፣ ረዳቶች ይጮሃሉ። እኔ ሻዩን ሳልጠጣው ስለ ወረቀቱ ነገርኳት። የጓድ ታረቀኝ ወረቀት ላይ ምን እንዳየሁና ምን ብዬ እንደመለስኩ፣ ሁሉን።

አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ብርጭቆዋን በጣቷ አዞረች።

«አውቅ ነበር» አለች። «እርስዎ ወረቀቱን ሲያዩ እኔ እርስዎን እያየሁ ነበር።»

ይቅር በይኝ ማለት እንኳ አፌ ላይ አልመጣም። እሷ ግን ወሬውን ወደዚያ አልወሰደችውም።

«ከእስር እንደወጣሁ ሾኔ ሄድኩ» አለች። «ለማንም አልተናገርኩም። ሰዎቹ እዚያ ሜዳ ላይ ነበሩ የተባለውን ቦታ ጠይቄ አገኘሁት። አንድ ሽማግሌ ከብት ይጠብቃሉ። ሚስታቸውና የልጅ ልጃቸው በዚያ ሳምንት እንዳለፉ ነገሩኝ። እኔ ነኝ ልላቸው ነበር የሄድኩት። ከመናገሬ በፊት እህሉ ለምን እንደቀረ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።»

«ምን አሉ?»

«መንገድ ተበላሽቶ ነው ብለውናል አሉኝ። ድልድይ ተሰብሮ።» ብርጭቆውን አስቀመጠች። «በእነሱ ስም ሦስት ዓመት ታሰርኩ፣ አቶ ሲሳይ። ለእነሱ ግን ማንም ምንም አልነገራቸውም። ስሜን እንኳ ሰምተው አያውቁም።»

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው። እሳቸውም 'እስከ ዛሬ ብቻሽን ነበርሽ?' አሉኝ። እዚያው አብረን ተቀመጥን፣ ከብቶቹ እስኪጠግቡ።»

አውቶቡሱ መጣ። ሻንጣዬን ይዞ የሚያሳልፈኝ ሰው ስትጠራልኝ እኔ ለማመስገን እንኳ አልበቃሁም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ሰውን የመመዘን ሥራ ላይ ያላችሁ ልትኖሩ ትችላላችሁ፤ አስተማሪ፣ አለቃ፣ ኮሚቴ። አንድ ሰው ሲሳሳት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመጠየቅ እንጣደፋለን። እኔ ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ በዚያ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ቢቀመጥ ምን ያደርግ ነበር የሚለውን ነው። ብዙውን ጊዜ መልሱ ያው ነው። ቅጽ ላይ ስለ ሰው አንድ ቃል ስትጽፉም፣ ለማሞገስም ቢሆን፣ ያ ቃል ነገ በሌላ ሰው አፍ እንዴት እንደሚነበብ አስቡ። ስህተት የማይታይበት ሰው የለም፤ ያልታየበት ነው ያለው።

ይህ ግን ያወቅሁት ነው እንጂ የሆንኩት አይደለም። ትምህርቴን ለብዙ ሰው አስተምሬአለሁ፤ ተማሪዎቼ ሙከራውን ሲሰሙ ይደነቃሉ፤ ብልህ ነበርክ ይሉኛል። ስለ አራተኛው ወረቀት እስከ ዛሬ ለአንዳቸውም አልነገርኩም። ሦስት ወረቀት ብቻ ነበር ብዬ ነው የማስተምረው።